የሸጊቱ የፊት ታርጋ

ባለፈው ማክሰኞ ኮምቦልቻ ላይ አዲስ ታርጋ ተሰጠኝ። ሠራተኛዋ ጥንዱን ከላስቲኩ አውጥታ በመስኮቱ ሥር ስትገፋልኝ ያ ገና ያልደረቀ የሚመስል የቀለምና የቆርቆሮ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ ወገቡ ላይ የመፍቻ ቦርሳ የታጠቀ ጎልማሳ ይጠብቀኝ ነበርና አሮጌዎቹን ፈትቶ አዲሶቹን ለማሰር የፈጀበት ጊዜ፣ እኔ መነጽሬን ከቦርሳዬ ፈልጌ ለማግኘት ከፈጀብኝ አነሰ። «አለቀ እትዬ» ብሎ ኮፈኑን መታ መታ ሲያደርግልኝ ማመስገን ሲገባኝ ቅር አለኝ፤ እንዲያውም ተናደድኩ ማለት ይቻላል። አለቀ? እንዲህ ነው እንዴ የሚያልቀው? በእኛ ቤት አንዲት የፊት ታርጋ መርጦ ለመግጠም ወር ሙሉ ፈጅቷል፤ አንድ መሪጌታ፣ አንድ በያጅ፣ አንድ ትራፊክና አንድ ዓሣ አጥማጅም አስፈልጎታል፤ የእህቴን ሠርግ ሳያሰናክል የቀረውም ለጥቂት ነው።

አባዬ ዕድሜውን በሙሉ የሰው የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ባለችው ግቢያችን የራሱን መኪና ለመሥራት የተነሣው ጡረታው ሲቃረብ ነው። ለመግዛት አላልኩም፣ ለመሥራት ነው ያልኩት። ሰውነቷ ከአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ጓሮ፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ ተኝታ የተገኘች የእንግሊዝ ጂፕ ነበረች። ሞተሯ ከጃፓን ፒካፕ ወጣ። የጃፓኑ ሞተር በእንግሊዙ ኮፈን ሥር አልገባም ብሎ ሲያስቸግር ደግሞ፣ ከአባዬ ጋር አብሮ አደግ የሆነው በያጁ ሰይድ ከአንድ አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና አፍንጫውን ቆርጦ አምጥቶ ከፊቷ በየደላት። እንግዲህ እማዬ ጌሾና ጤና አዳም ታበቅልበት በነበረው መሬት ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጣ፣ ከኋላዋ አጠር ከፊቷ ረዘም ያለች፣ ስትዞር አፍንጫዋ ከሰውነቷ ቀድሞ የሚደርስ አንዲት ፍጥረት ተወለደች። አባዬ ግን ዞሮ ዞሮ ካያት በኋላ «ሸጋ ናት» አለ፤ ስሟም ሸጊቱ ተባለ።

ሸጊቱ ልትጠናቀቅ ስትል ነው ታላቅ እህቴ የታጨችው። ሁላችንም እታለም ነበር የምንላት፤ አባዬም ጭምር። ሙሽራው የውጫሌ ሰው፣ ረጋ ያለ የሒሳብ መምህር ነው፤ ምንም እንከን አልወጣለትም። ያስቸገረው አጎቱ ነበር። በእኛ አገር ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አባትና እናት በር ላይ ቆመው ይመርቃሉ እንጂ አብረው አይሄዱም፤ አባዬ ግን እታለምን ለሰው መኪና አሳልፌ አልሰጥም፣ እኔው ራሴ በሸጊቱ አደርሳታለሁ ብሎ ድርቅ አለ። ሽማግሎች ለቀጠሮ የመጡ ዕለት ይሄው አጎት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የሙሽራ አባት ሙሽራን አይከተልም» አለ።

«እውነትዎን ነው፤ አባቷ አይከተላትም» አለ አባዬ፤ «ሾፌሯ ግን ይነዳታል።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ተመካከሩ። በመጨረሻ የተፈረደው እንዲህ ነው፦ መኪናዋ ሕጋዊ ከሆነች፣ ሰሌዳዋ ከፊትም ከኋላም ከተሟላ፣ አያሌው፣ አባዬ ማለት ነው፣ በሾፌርነቱ ይሄዳል። ካልሆነ ግን ከውጫሌ በሚመጣው ሚኒባስ ሙሽራዋ ትወሰዳለች፤ እሱም እንደ አባት ወግ በሩ ላይ ይቀራል። አባዬ እንዴት እንደሳቀ ትዝ ይለኛል፤ ማታ ግን እራቱን ሳይበላ ሲቀር ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። እታለም የመጀመሪያ ልጁ ናት፤ ከሾፌርነት ሥራው ሲመለስ የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ ለይታ የምትሮጥለት እሷ ነበረች።

ደሴ ያለው የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሸጊቱን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ ከሥር አጎንብሶም አይቶ፣ እንደምንም ተቀበላት። ታርጋ የሚሰጠው ሰው ጥሩ ልብ ኖሮት ይሁን ወይም ሥራ አሰልችቶት፣ «ሦስት ጥንድ ነው የቀረኝ፤ የሚፈልጉትን ይምረጡ» ሲለው አባዬ ሦስቱን ቁጥሮች መዳፉ ላይ ጽፎ፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ታርጋ ለመምረጥ ቤተሰቡን የሚያማክር ሰው ያ ቢሮ ከዚያ በፊት ያየ አይመስለኝም።

የሚማከረው ደግሞ የእማዬ አጎት መሪጌታ ልሳኑ ነበሩ። ልጅነታቸውን ሐይቅ እስጢፋኖስ በኩል ቅኔ ሲቆጥሩ ያሳለፉ፣ በኋላ የሰፈራችን ደብር መሪጌታ የሆኑ፣ ቀጭን፣ ነገር የሚያጣጥሙ ሽማግሌ ናቸው። የኮከብ ነገር ሲነሣባቸው «እንዲህ ያለው ነገር ኃጢአት ነው፤ እኔ አላውቅበትም» ይላሉ፤ ቀጥለው እርሳስ ይጠይቃሉ። ያን ዕለትም ጠየቁ። እርሳሱን ከያዙ በኋላ፣ «ስሟ?» አሉ።

«ሸጊቱ» አለ አባዬ።

«የእናቷስ ስም?»

አገሩ እንደሚያውቀው የሰው ኮከብ የሚወጣው ስሙ ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ተቆጥሮ ነው፤ ያለ እናት ስም ሂሳቡ አይነሣም። የመኪና እናት ማን እንደሆነች ግን ማንም አስቦ አያውቅም ነበር። አባዬ እንግሊዝ ናት ያለው አካሏን የሰጠቻት እሷ ናት ብሎ ነው። ሰይድ ተቆጣ። «ወላሂ አያሌው፣ እናት ማለት ልብ የሰጠች ናት፤ ልቧ የጃፓን ነው!» አለ። መሪጌታ ግራ ገብቷቸው «አፍንጫዋሳ?» ብለው ሲጠይቁ፣ የጣሊያን መሆኑ ሲነገራቸው እርሳሱን አስቀመጡት፤ «ጣሊያንን በእናትነት አልጽፍም» ብለው ቆረጡ። ክርክሩ እንግሊዝና ጃፓን መካከል ቀርቶ እየጋመ ሄደ፤ ሰይድ እንደውም መሬት ላይ ሞተር መሳል ጀምሮ ነበር።

ያኔ ነው እማዬ እጇ እንደረጠበ ከኩሽና የወጣችው። «ሦስት ዓመት ጌሾዬን ነቅላችሁ ግቢዬ ውስጥ ያስቀመጣችኋት፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር የራሴን ብርድ ልብስ አልብሼ ያሳደግኳት እኔ ነኝ! ይጻፉ መሪጌታ፤ የእናቷ ስም ወርቅነሽ ነው» አለች። መሪጌታም ምንም ሳያንገራግሩ ጻፉ። እንዲህ ሆኖ ሸጊቱ በይፋ የእኔና የእታለም እህት ሆነች። ደመሩ፣ ለዐሥራ ሁለት ገደፉ፣ ትራፊውን አዩና «ሸርጣን። ውሃ» አሉ። ሁላችንም ደነገጥን፤ ከሐይቅ ደሴ ደርሳ እስክትመለስ ሁለት ጀሪካን ውሃ እንደምትጠጣ አልነገርናቸውም ነበርና። «የውሃ ኮከብ ፊቷን ሲሸፍኑባት አትወድም፤ ይቺን ልብ በሉ» ብለው ጨመሩ። ልብ ያላት ግን አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ቁጥሩ ነበር የቸኮለው። ከሦስቱ በሰባት የሚያልቀው ተመረጠ፤ ሰባት ፍጹም ቁጥር ነው ተባለ። እማዬ በሁለት ዜሮ የሚያልቀውን አይታ፣ «ዜሮ እኔ የማውቀው በፈተና ላይ ነው፤ ልጄ በዜሮ ታጅባ አትዳርም» ስላለች እሱ በመጀመሪያ ወደቀ።

በማግሥቱ አባዬ ደሴ ሲደርስ በሰባት የሚያልቀውን አንድ ባለ ወፍጮ ወስዶታል። ሌላውም ሄዷል። ሁለት ዜሮውን ጋቢው ሥር ደብቆ ይዞ ሲገባ እማዬ ገና ሳታየው ከፊቱ አነበበችው። ነገሩን ያበረዱት መሪጌታ ናቸው፤ «ዜሮ ክብ ነው፤ እንደ ቀለበት መጀመሪያም መጨረሻም የለው። ለሠርግ ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር አላውቅም» አሉ። ትናንት ስለ ሰባት የተናገሩትን ያስታወሳቸው የለም።

የኋላው ታርጋ ወዲያው ገባ። ፊቷ ግን፣ ሦስት አገር ተዋውሎ የሠራው ፊት፣ ለታርጋ የሚሆን አንድ ስንዝር ጠፍጣፋ ቦታ አልነበረውም። ሰይድ መጀመሪያ ከውሃ ቧንቧ በተሠራው የፊት መከላከያ፣ ፓራውልቱ ላይ በሽቦ አሰረው፤ ቧንቧው ክብ ነውና መኪናዋ ስትነሣ ታርጋው መዞር ጀመረ፤ ወደ ሐይቁ ለሙከራ በወረድንበት ዕለትም እየተሽከረከረ የሆነ ቦታ ጥሎን ቀረ። ስንፈልግ ውለን ያገኘነው ዳር ላይ ከተቀመጠ አንድ ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ነው፤ ሰውዬው የወደቀ ቆርቆሮ መስሎት ጭኑ ላይ አጋድሞ ቆሮሶ ዓሣ እየቀረፈበት ነበር። አባዬ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ዓሣው ተቀርፎ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀና ታርጋውን ተቀብሎ በሐይቁ ውሃ አጠበው። እስከ ሠርጉ ቀን ድረስ ድመቶች ሸጊቱን ከፊት ከፊቷ ይከተሏት ነበር።

ሁለተኛው ሐሳብ የኮፈኑ አናት ላይ መበየድ ነበር፤ እዚያ ሰፊ ቦታ አለ። ወደ ውጫሌ መግቢያ ላይ የሚቆመው ረዥሙ ትራፊክ ግን አስቆመን። ሰላምታ ሰጠ፣ ዞረ፣ ወደ ሰማይ የተንጋለለውን ታርጋ አየ፤ ከዚያም ራሱን ቀና አድርጎ ሰማዩን አየ። «አባት፣ እላይ ያለው ትራፊክ ማን ነው?» አለ። አባዬ እሺ መስታወቱ ውስጥ ላስቀምጠው ሲለው፣ «መስታወት ውስጥ ያለ ታርጋ ታርጋ አይደለም፣ ፎቶ ነው። ከውጭ፣ ከፊት፣ ቀጥ ብሎ! እንዲህ ካልሆነ የሠርጉ ዕለትም ቢሆን አላሳልፍዎትም» አለው። ክፋት አልነበረበትም፤ ሕጉን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የያዘ ሰው ነው።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው አባዬ አልተኛም። ወጥቶ የሸጊቱን ፊት በባትሪ እያበራ ያያል፤ ይገባል፤ እንደገና ይወጣል። ሰይድ በየቀኑ «አብሽር አያሌው፣ መላ አይጠፋም» ይለዋል። መላውም ተገኘ። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ያለውን ፍርግርግ በሙሉ የሚሸፍን ላሜራ ቆርጦ፣ ታርጋውን መሐሉ ላይ በአራት ቡሎን አሰረውና ዙሪያውን ቢጫ ቀለም ቀባው። አማረባት፤ ወርቅ ጥርስ ያስገባች ሴት መሰለች። ረዥሙ ትራፊክ አርብ ዕለት ለገበያ ሐይቅ መጥቶ ኖሮ አይቶት በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። መሪጌታ ብቻ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው፣ «ፊቷን ሸፈናችሁት» አሉ። አባዬ ግን የሰማቸው አይመስለኝም፤ ከአንድ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያፏጭ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እታለም ወጣች። እማዬ በር ላይ ቆማ መረቀች፤ ከአባዬ ጋር ሆና መመረቅ ስላልቻለች ሁለቱንም ምርቃት ራሷ ጨረሰችው። ሙሽሮቹ ከኋላ፣ እኔና አንዲት ሚዜ ከአጠገባቸው ተጣብቀን፣ መሪጌታ ከፊት በክብር፣ ሰይድ እቃ መጫኛው ላይ ከመፍቻዎቹ ጋር፣ አባዬ ደግሞ ከነሙሉ ሱፉ መሪው ላይ። የሙሽራው ወገን በሚኒባስ ተከተለን። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ የሸጊቱ ጡሩምባ አንድ ላይ ሆኖ እታለም ለማልቀስ እንኳ ፋታ አላገኘችም።

ሜዳው ላይ ደኅና ሄድን። ውጫሌ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው፣ ዳገቱ ላይ፣ ከቢጫው ላሜራ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ቀጥሎ ሸጊቱ እንደ ጀበና ገንፍላ ቆመች። የያዝነው ውሃ ሁሉ ገባላት፤ የሚዜዎቹ የሀይላንድ ውሃ ገባላት፤ አንዱ ጠላ እንጨምር ሲል መሪጌታ «ጠላውን ለሰው ተዉለት» ብለው አዳኑት። ሰይድ እጁ እየተቃጠለ ላሜራውን ከነታርጋው ፈታው። አየር ሲገባላት ሞተሩ ተረጋጋ። ላሜራው ግን ግሎ ተጣሞ ነበር፤ መልሶ ማሰርም እንደገና ማፍላት ነው። ከዳገቱ በላይ ደግሞ፣ ከተማዋ መግቢያ ላይ፣ የትራፊኩ ነጭ ቆብ ይታያል።

የሙሽራው አጎት ከሚኒባሱ ወርዶ መጣ። ሁሉንም አየና፣ በደግ ድምፅ ነው የተናገረው፣ «እንግዲህ አያሌው፣ መኪናዋ ሰሌዳ የላትም። ልጅቷ ወደ ሚኒባሱ ትዛወር፤ እርስዎም ከዚህ ይመለሱ» አለ።

አባዬ ከሰይድ እጅ ታርጋውን ተቀበለ፣ በሱፉ እጅጌ ጥላሸቱን ጠረገ፣ ደረቱ ላይ በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ያዘውና ከሸጊቱ አፍንጫ ፊት ሄዶ ቆመ። «ሰይድ፣ መሪውን ያዝ» አለ።

«ኧረ እርስዎ ሰው!» አለ አጎትየው፤ «ከመሪው ከወረዱማ ሾፌር አይደሉም፤ አባት ነዎት። የሙሽራ አባት ደግሞ ሙሽራን አይከተልም!»

መሪጌታ ልሳኑ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። «አይከተልም ነው የተባለው ልጄ» አሉ፤ «አይቀድምም የሚል የት ሰማህ?»

አጎትየው ሳያስበው ሳቀ። ሰይድ ሞተሩን አስነሣ። አባዬ ከፊት፣ ሸጊቱ ከኋላው፣ ሚኒባሱ ከኋላዋ፣ ዳገቱን ተያያዝነው። ከተማዋ መግቢያ ላይ ረዥሙ ትራፊክ እጁን አንሥቶ አስቆመንና አባዬን ከጫማው እስከ ራሱ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው አባት?»

«ታርጋው ነኝ ጌታዬ» አለ አባዬ፤ «ከውጭ ነው። ከፊት ነው። ቀጥ ብሏል።»

ትራፊኩ ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ሁለቱን ዜሮዎች ጮክ ብሎ ነው ያነበባቸው። ከዚያ ቀና አለና መንገዱ መሐል ገብቶ ከወልዲያ በኩል የሚመጣውን የጭነት መኪና አስቆመልን፤ ለሰላምታም እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ከከተማዋ ጫፍ እስከ ሙሽራው ቤት ድረስ ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ ጥግ ያዙ፤ ሰው ከየሱቁ ወጥቶ አጨበጨበ። ሰይድ «አያሌው፣ ፈጠን በል እንጂ፤ ፍሪሲዮኑ አለቀ!» እያለ ይጮኻል፤ አባዬ ግን አይሰማም። እኔ መጀመሪያ ደክሞት መስሎኝ ነበር። እታለም ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብላ በመስታወቱ ጀርባውን ስታይ ገብቷታል፤ ቀኑን ሙሉ ያጣችውን ልቅሶ ያኔ አገኘችው። የሙሽራው በር ሲደርስ አባዬ ታርጋውን ለሰይድ ሰጠ፣ ዞር ብሎ እሷን አያት፣ አልገባም፤ ወጉ አይፈቅድም። በዚያው በእግሩ ቁልቁል ሲመለስ ሚኒባስ ላይ ያሳፈሩት ከብዙ ልመና በኋላ ነው። ኋላ ለምን እንደዚያ ቀስ እንዳለ ስጠይቀው አላፈረም፤ «ስደርስ እሰጣታለሁ፤ ለምን እቸኩላለሁ?» አለኝ።

የእኔ ሠርግ የደረሰው አባዬ ባረፈ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሸጊቱም ከእሱ በፊት አልፋ፣ ሞተሯ ለወፍጮ፣ አካሏ ለብረት ለቃሚ ሄዷል። መሪጌታ የሉም፤ ሰይድ ልጆቹ ዘንድ ሄዶ ዓይኑ ደክሟል። ባለቤቴ አንዲት ነጭ የሠርግ መኪና አመጣ፤ በአበባ የተሞላች፣ ማቀዝቀዣ ያላት፣ ሁለቱም ታርጋዋ በየቦታው የታሰረ፤ ምንም የሚነቀፍ ነገር አላገኘሁባትም። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነው፣ «ቶሎ እንደርሳለን እትዬ፣ አይስጉ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቶሎ ደረስን። መንገዱን ሁሉ በፊተኛው መስታወት ሳይ ነበር፤ ከፊታችን ማንም አልነበረም።